በኩራዝ ሙቀት የሚያወራ ሬዲዮ

ዛሬም ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ ብታነቡት ይሻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።)

በ1950ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ አንድ የጉድ ዕቃ ለገጠር ሰው ይሸጥ ነበር። ከታች ሲያዩት ተራ የላምባ ፋኖስ ነው። ከመስታወቱ በላይ ግን እንደ ሱፍ አበባ ዙሪያውን የተዘረጉ የብረት ክንፎች አሉት፤ ከክንፎቹ መሃል ሽቦ ወጥቶ ሬዲዮ ውስጥ ይገባል። ማታ ፋኖሱ ሲለኮስ ቤቱም ይበራል፣ ሬዲዮውም ያወራል። የሬዲዮ ድንጋይ መግዛት የለ፣ ጄኔሬተር ማስነሳት የለ፣ የሚሽከረከር ነገር የለ። ስሙ ቲጂኬ-3 ነበር፤ የሚሰጠው ኤሌክትሪክም 3 ዋት ገደማ ነው። ድንጋይ ሲያልቅበት ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ትንሽ ነፍስ ዘርቶለት ዜና የሰማ የእኛ አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ሙጃ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጥያቄ ስለላከልኝ ነው። ስልኩ ላይ እንጨት የሚነድበት፣ እግረ መንገዱንም ስልክ የሚሞላ ምድጃ አይቷል። «ጋሼ፣ እናቴ ጠዋትና ማታ እሳት ታነዳለች። የግዳን ብርድ እንደሆነ ያውቁታል፣ እሳት ቤታችን አይጠፋም። ያ ሁሉ ሙቀት ዝም ብሎ ከሚሄድ እኛስ መሥራት አንችልም ወይ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብሎ መመለስ ይቻላል። ግን መልሱ ውስጥ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ አለ፤ የታሪኩም ዋና ተዋናይ ቆሻሻ ነው። እውነቴን ነው! በክሪስታል ውስጥ የገባ ባዕድ አቶም፣ የጎደለ አቶም፣ ቦታው የተሳሳተ አቶም። ፊዚክስ ለብዙ ጊዜ የተጠየፈው ነገር ማለት ነው።

ከሥሩ እንጀምር። በ1821 በርሊን ውስጥ ቶማስ ዜቤክ የሚባል ሰው ሁለት ዓይነት ብረት ጫፍና ጫፉን ገጥሞ አንደኛውን መጋጠሚያ ሲያሞቅ አጠገቡ የነበረው ኮምፓስ መርፌ ዞረ። ዜቤክ ሙቀቱ ማግኔት የፈጠረ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን ኤሌክትሪክ ነው፤ ከሙቁ ጎን ወደ ቀዝቃዛው የሚገፋ ኤሌክትሪክ። በ1834 ደግሞ ሰዓት ሠሪ የነበረው ፈረንሳዊው ፔልቲዬ ግልባጩን አገኘ፦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንደኛው መጋጠሚያ ይቀዘቅዛል፣ ሌላኛው ይሞቃል። ታዲያ በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ከተገኘ የኩራዙ ሬዲዮ ለምን 130 ዓመት ፈጀ?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በሙቁና በቀዝቃዛው ጎን መካከል ካለው ልዩነት ነው። ዕቃው ሙቀት የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለቱ ጎኖች ቶሎ እኩል ይሆናሉ፣ ልዩነቱም ይጠፋል። ሻይ ውስጥ የገባ የብረት ማንኪያ እጀታው ወዲያው እንደሚፋጅ ማለት ነው። ሙቀቱ ሥራ ሳይሠራ ሾልኮ ሄደ። ስለዚህ የሚፈለገው ኤሌክትሪክን እንደ ብረት የሚያሳልፍ፣ ሙቀትን ግን እንደ ጋቢ አፍኖ የሚይዝ ነገር ነው። ይህን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አልተንኪርሽ የተባለ ጀርመናዊ በሒሳብ አስቀምጦታል። ችግሩ በብረት አይሆንም። ብረት ውስጥ ኤሌክትሪኩንም አብዛኛውን ሙቀትም የሚሸከሙት ያው ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ በ1853 ቪደማንና ፍራንዝ እንዳሳዩት ኤሌክትሪክን ደህና የሚያሳልፍ ብረት ሙቀትንም ደህና ያሳልፋል። አንዱን ስታፍን ሌላውም አብሮ ይታፈናል።

ብረት ባልሆነ ክሪስታል ውስጥ ግን ሙቀትን በዋናነት የሚሸከም ሌላ ነው፤ የአቶሞቹ ንዝረት። ይህን ለማስረዳት ከላሊበላ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። የገና ዕለት በቤተ ማርያም የቤዛ ኩሉን ሥርዓት ያየ ሰው ያስታውሳል። ካህናቱ በአለቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከበሮው ሲመታ ሰልፉ በሙሉ እኩል ይወዛወዛል። ውዝዋዜው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ሞገድ ሲሄድ ታያላችሁ። ካህናቱ ከቦታቸው አልሄዱም፤ የሄደው ውዝዋዜው ነው። ክሪስታል ውስጥ ሙቀት የሚጓዘው እንዲህ ነው። ሳይንቲስቶቹ ይህን የውዝዋዜ ሞገድ «ፎኖን» ይሉታል።

አሁን ከሰልፉ መሃል አንድ እጅግ ከባድ ሰው ቁም፣ ወይም የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ተው፣ ወይም ጎረቤቶቹን በሌላ ጥንካሬ የሚጎትት ሰው አስገባ። ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ይሰበራል፣ ይበተናል፣ ግማሹ ወደ ኋላ ይመለሳል። ግን በሰልፉ መካከል እየተሽሎከለከ መልእክት የሚያደርስ አንድ ዲያቆን ቢኖርስ? እሱ ከባዱን ሰው ዞሮት ያልፋል፤ ብዙም አያስተውለው። ዲያቆኑ ኤሌክትሮን ነው። የታሪኩ ቁልፍ ይህ ነው፤ አንድ ዓይነት ጉድለት ሙቀትን በጣም ሊጎዳ፣ ኤሌክትሪክን ግን በመጠኑ ብቻ ሊነካ ይችላል። ብረት ውስጥ ሊነጣጠሉ ያልቻሉት ሁለቱ እዚህ ተነጣጠሉ።

ይህ እውቀት በቀላሉ አልመጣም። በ1929 ሩዶልፍ ፓይርልስ የተባለ ወጣት፣ ፍጹም ንጹህ በሆነ ክሪስታል ውስጥ እንኳ ሞገዶቹ እርስ በእርስ እየተጋጩ ሙቀትን እንደሚያዘገዩ በሒሳብ አሳየ። የሚገርም ሥራ ነው፣ ዛሬም እንማረዋለን። ግን ልብ በሉ፣ «ንጹህ ክሪስታል» ነው ያለው። የዚያ ዘመን ታላላቆች ዓይን ንጹሁ ላይ ነበር። የፓይርልስ አለቃ የነበረው ቮልፍጋንግ ፓውሊማ በ1931 ለእሱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰሚኮንዳክተር ላይ መሥራት እንደማይገባ፣ ነገሩ የተዝረከረከ ቆሻሻ እንደሆነ፣ እንዲያውም መኖራቸውንም ማን ያውቃል ብሎ አጣጥሎታል። ፓውሊ የኖቤል ሰው ነው፣ ቀልደኛም ነው፤ ግን እውነት አለው። በዚያን ጊዜ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሰሚኮንዳክተር ለክቶ ሁለት የማይገናኝ ቁጥር ያመጣ ነበር። ቁጥሩን የሚወስነው ከሺህ ወይም ከሚሊዮን አቶም መካከል የገባው አንድ ባዕድ መሆኑ ገና በደንብ አልተያዘም።

ቆሻሻውን ያልተጠየፈ ሰው ሌኒንግራድ ነበር፤ አብራም ኢዮፌ። ሙኒክ ሄዶ ከሮንትገን (የኤክስሬዩ ሮንትገን) ሥር የተማረ፣ ተመልሶም አንድ ሙሉ የሶቪየት ፊዚክስ ትውልድ ያሳደገ ሰው ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሰሚኮንዳክተር ከሙቀት ኤሌክትሪክ ሊያወጣ ይችላል እያለ ይወተውት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኢንስቲትዩቱ ሰዎች «የአርበኛ ማሰሮ» የሚባል ነገር ሠሩ። ውሃ የተሞላ ማሰሮ ነው፤ ከሥሩ እሳት ይነድበታል፣ ከታች ሙቅ ከላይ ደግሞ ከሚፈላ ውሃ በላይ የማይሞቅ ጎን አለው። ጫካ ውስጥ ያሉ አርበኞች በእሱ የሬዲዮ መገናኛቸውን ያሠሩ ነበር። እነሱ በዚያ ማሰሮ ሻያቸውንም ሳያፈሉ አይቀሩም።

ከጦርነቱ በኋላ የደረሰበትን ስሙ። በ1950 መጨረሻ፣ «ሀገር አልባ» በሚባሉ አይሁዳውያን ምሁራን ላይ ዘመቻ በተነሳበት ጊዜ፣ ኢዮፌ ራሱ ካቋቋመው ኢንስቲትዩት ኃላፊነት ተነሳ። ሰባ ዓመት ሞልቶታል። በቃ ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም። ትንሽ የሰሚኮንዳክተር ላቦራቶሪ ተሰጠው፤ ያቺ ላቦራቶሪ በኋላ ራሷን የቻለች ኢንስቲትዩት ሆነች። የኩራዙ ሬዲዮ ከነዚህ ዓመታት ሥራ የወጣ ነው። ከባለቤቱ ከአና ኢዮፌ ጋር ሆነው የሰሚኮንዳክተሮችን ሙቀት አስተላላፊነት አንድ በአንድ ይለኩ ነበር። በ1956 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ሐሳብ ደግሞ የመስኩን አቅጣጫ ቀየረው፦ ሁለት ተመሳሳይ ክሪስታሎችን ቀላቅሉ። ለምሳሌ ሊድ ቴሉራይድ ላይ ሊድ ሴሌናይድ ጨምሩ። የአቶሞቹ አሰላለፍ አይፈርስም፤ ግን አንዳንዱ ቦታ ቴሉሪየም በሚቆምበት ቀለል ያለው ሴሌኒየም ቆሟል። ለሞገዱ ሰልፉ ተዘባርቋል። ለኤሌክትሮኑ ግን መንገዱ ያው መንገድ ነው። ሙቀቱ ከኤሌክትሪኩ ይበልጥ ይቀንሳል።

አያችሁ ወይ? ፓውሊ የተጠየፈውን ነገር ይህ ሰው ሆን ብሎ ይጨምር ጀመር።

የአቶም ክብደት ብቻውን ሞገድን ይሰብራል የሚለውን ነገር ደግሞ ሌላው ሶቪየታዊ ፖሜራንቹክ በ1942 አስቀድሞ ተናግሮት ነበር። አንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች አሉት፤ በኬሚስትሪ አንድ ናቸው፣ በክብደት ብቻ ይለያያሉ። እነሱ መቀላቀላቸው ብቻ ሙቀትን ይቀንሳል አለ። በ1958 አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ጌባልና ሃል አንድ አይሶቶፕ ብቻ የበዛበት ጀርመኒየም አግኝተው ለኩት። በጣም ሲቀዘቅዝ (ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ገደማ) ከተራው ጀርመኒየም ሦስት እጥፍ የሚሆን ሙቀት አሳለፈ። ምንም ባዕድ ነገር አልወጣም፤ ጀርመኒየም ከጀርመኒየም ነው የተለየው! ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ አንድ ሁለት ተማሪ «ውሸት» ይለኛል። ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ስለ ዶፒንግ ላንሳ። (ዶፒንግ ስል አትሌቲክስ ትዝ እንዳይላችሁ፤ እዚህ ያለ ዶፒንግ ውድድሩም የለም።) ዶፒንግ ማለት ኤሌክትሮን እንዲበዛ ወይም እንዲጎድል ብሎ በልክ ባዕድ አቶም መጨመር ነው። ለኮምፒውተር ቺፕ ብዙውን ጊዜ ከሚሊዮን አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ ከሙቀት ኤሌክትሪክ ለማውጣት ግን ከሺህ አንድ ገደማ፣ አንዳንዴም በላይ ይገባል። ታዲያ ዶፒንግ ለሙቀት ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የገባው ባዕድ አቶም ሞገዱን ይሰብራል፤ የበዙት ኤሌክትሮኖችም ራሳቸው ሞገዱን እየተጋፉ ያዘገዩታል። በሌላ በኩል ኤሌክትሮኖቹ ሲበዙ እነሱም በተራቸው ሙቀት መሸከም ይጀምራሉ፤ ዕቃው እንደ ብረት መሆን ያምረዋል። ከመጠን ካለፈ ያባረርከው ሙቀት በሌላ በር ይመለሳል። ሥራው በሙሉ ልኩን ማግኘት ነው፣ እንደ ወጥ ጨው።

ውህድ ሰሚኮንዳክተር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ራሱን ዶፕ ያደርጋል። ሁለት ዓይነት አቶም ሲኖር ቦታ መሳሳት ይመጣል። ዋናው ምሳሌ ቢዝመዝ ቴሉራይድ ነው፤ በ1954 እንግሊዝ ውስጥ ጎልድስሚድና ዳግላስ በእሱ 26 ዲግሪ ማቀዝቀዝ እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬም በክፍል ሙቀት አካባቢ ከእሱ ቤተሰብ የሚበልጥ በገበያ ላይ ብዙ የለም። ይህን ውህድ ልኩን ጠብቀህ፣ ሁለት ቢዝመዝ ለሦስት ቴሉሪየም ብለህ ብታቀልጠው እንኳ፣ ሲረጋ አንዳንድ ቢዝመዝ የቴሉሪየም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ማንም ምንም ሳይጨምርበት ኤሌክትሮን ጎደሎ ይሆናል። ሠሪው ቴሉሪየም ትንሽ አብዝቶ ወይም ሌላ ነገር አክሎ ያንን ማስተካከል አለበት። አንቲሞኒ ሲቀላቀልበት ደግሞ የኢዮፌ ሐሳብ ይሠራል፤ ሙቀቱ ይበልጥ ይወርዳል። መዳብ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 400 ዋት በሜትር በዲግሪ ገደማ ነው፣ ቢዝመዝ ቴሉራይድ ከ2 አይበልጥም። ከመስታወት ብዙም አይርቅም ማለት ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ጉድለት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ፖል ክሌመንስ የተባለ፣ ቪየና ተወልዶ አውስትራሊያ የሠራ ሰው በ1950ዎቹ ነጠላ የአቶም ጉድለት አጫጭር ሞገዶችን እጅግ አብዝቶ፣ ረጃጅሞቹን ግን እጅግ በጥቂቱ እንደሚበትን አሳየ። የሞገዱ ርዝመት በግማሽ ሲያጥር መበተኑ 16 እጥፍ ይሆናል። ይህ ሕግ ከራሳችን ላይ አለ፤ በአቡነ ዮሴፍ አናት ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ሰማዩ ያን ያህል የሚሰማይበት ምክንያት ነው። አየሩ አጭሩን ሰማያዊ ብርሃን ይበትናል፣ ረጅሙን ቀይ ያሳልፋል። ክሪስታልም ውስጥ ነጠላ ጉድለት «ሰማያዊውን» ሞገድ ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ «ቀዩ» ሙቀት ተሸክሞ ያልፋል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሰዎች ጉድለትን በየመጠኑ መደርደር ጀመሩ፦ ለአጭሩ ሞገድ ነጠላ ባዕድ አቶም፣ ለመካከለኛው በናኖ ሜትር የሚለካ ፍርፋሪ፣ ለረጅሙ የክሪስታል ቅንጣቶች ድንበር። በ1995 አሜሪካዊው ግሌን ስላክ የነገሩን ግብ በአንድ ሐረግ ጠቅልሎታል፤ ለሙቀት መስታወት፣ ለኤሌክትሮን ክሪስታል የሆነ ዕቃ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ቮያጀር ነው። ንጹህ ሲሊከን 150 ያህል ሙቀት ያሳልፋል (በዚያው መለኪያ)፣ ጀርመኒየም 60። ሁለቱን ቀላቅላችሁ፣ ቦሮን ወይም ፎስፈረስ በብዛት ዶፕ ስታደርጉ ወደ 5 ይወርዳል! ከሁለቱም ወላጆቹ የማይገናኝ ልጅ። ሁለቱ ቮያጀሮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከዚህ ነው፦ አንደኛው ጎን ፕሉቶኒየም በሚሰጠው ሙቀት ይሞቃል፣ ሌላው ወደ ጠፈር ይቀዘቅዛል፣ መሃል ላይ የሲሊከንና ጀርመኒየም ቅልቅል አለ። ሲነሱ እያንዳንዳቸው 470 ዋት ገደማ ነበራቸው፤ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል እየቀነሰ፣ መሣሪያዎቻቸው አንድ በአንድ እየጠፉ፣ አርባ ምናምን ዓመት አልፏቸው ከፀሐይ ነፋስ ክልል ውጭ ሆነው መልእክት ልከዋል። የተነሱት በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1969 ነው። ያኔ እኛ ምን ላይ እንደነበርን ታውቃላችሁ፤ በምሥራቅ የሶማሊያ ጦር ገብቷል፣ በየከተማው ወጣቱ እርስ በእርሱ ይተላለቃል። ፊዚክስ ሊማርና ሊያስተምር የሚችል ትውልድ እስር ቤትና መቃብር ወረደ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ከታሰሩት አንዱ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሕንድ ቤንጋሉሩ ሄዶ ዶክትሬቱን ሠራ፤ የምርምሩም ጉዳይ ሙቀት ነው፣ በረቂቅ መጠን ያሉ የሙቀት ሞተሮች እንዴት እንደሚሠሩ። በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ስለ ሰብአዊ መብት ያበረከተውን አይቶ የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቶታል። ኢዮፌንና እሱን ሳስብ አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ መንግሥት በሰባ ዓመት ሽማግሌና በሃያ ዓመት ተማሪ ላይ ሲነሳ ስንት ላቦራቶሪ ሳይቋቋም ይቀራል? ለዚህ ሒሳብ የለኝም።

ወደ ሙጃው ጥያቄ እንምጣ። ገበያ ላይ የሚገኘው ጠፍጣፋ ሞጁል 4 ሳንቲ ሜትር በ4 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለት ነጭ የሸክላ ገጾች መካከል አብዛኛውን ጊዜ 127 ጥንድ የቢዝመዝ ቴሉራይድ እግሮች አሉት። በሁለቱ ገጾች መካከል የ100 ዲግሪ ልዩነት ብትሰጠው እንደ ጥራቱ ከ2 እስከ 4 ዋት ያወጣል። 3 ዋት ብንል፣ ተራ ስማርት ስልክ ለመሙላት አምስት ሰዓት ያህል እሳት ይጠይቃል። ከሚያልፍበት ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀየረው ከመቶ አራት ገደማ ነው፤ ቀሪው ዝም ብሎ ይሾልካል፣ ምክንያቱም በጉድለት የተሞላውም ክሪስታል ቢሆን ሙቀትን ሙሉ በሙሉ አያፍንም።

ከባዱ ነገር ማሞቁ አይደለም፣ ማቀዝቀዙ ነው። እሳት አለ፤ ሌላኛው ጎን ግን ካልቀዘቀዘ በደቂቃዎች ውስጥ ሁለቱም ይሞቁና ምንም አይወጣም። እዚህ ላይ የግዳን ብርድ ባለውለታ ነው። የአርበኞቹን ማሰሮ አስቡ፦ ከላይ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ያለበት ድስት ብታስቀምጡ፣ ውሃው ቢፈላ እንኳ በእኛ ከፍታ ከ90 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። የሞቀው ውሃም ለእግር መታጠቢያ ይሆናል፣ አይባክንም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ለማቀዝቀዣ ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ ሞጁል ብዙውን ጊዜ ውስጡ የተበየደው በ138 ዲግሪ በሚቀልጥ ነገር ነው። ምድጃ ላይ ካደረጋችሁት እግሮቹ ይፈታሉ፤ ገንዘባችሁንም እሳት በላው። ለኃይል ማመንጫ የተሠራ መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ።

እና ይሠራል ወይ? ይሠራል። ይመከራል ወይ? ለመብራትና ለስልክ ከሆነ ትንሿ የፀሐይ ፓኔል ትበልጣለች፣ ለዚያውም የሲሊከን ፓኔል ሲሞቅ ስለሚደክም የእኛ ብርዳማ ፀሐይ ይስማማዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ለሳምንት ሲጫን ግን እሳት ያለው ቤት ይሻላል። የእናትህ ጉዳይ ደግሞ ከስልኩ ይቀድማል። ሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ወደ ቤቱና ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። በ1990ዎቹ አገራችን ውስጥ የወጣው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከፑሚስ ነው የሚሠራው፤ ፑሚስ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀዳዳው ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ እንጨቱንም እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል ይባልለታል። ቀዳዳው በዓይን የሚታይ ነው እንጂ የአቶም ጉድለት አይደለም፣ አትደባልቁብኝ። ሆኖም ላይበላሽ የሚችለው፣ ለዓይኗም የሚቀላት እሱ ነው። መጀመሪያ ምድጃው ይሠራ፤ ሞጁሉ ከዚያ በኋላ በምድጃው ጎን ይለጠፋል።

እስከ አሁን ጉድለትን አሞገስኩ። ግልባጩንም ልንገራችሁና ላብቃ፣ ምክንያቱም ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት እሱ ነው። ሙጃ ውስጥ ኩራዙን የተካችው የፀሐይ መብራት ውስጥ ያለችው ትንሽ ነጭ አምፖል ኤልኢዲ ናት፤ ልቧ ጋሊየም ናይትራይድ የሚባል ውህድ ሰሚኮንዳክተር ነው። ጃፓኖቹ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ለሰማያዊ ብርሃን አብቅተውት በ2014 ኖቤል አግኝተዋል። ያ ክሪስታል ከሌላ ድንጋይ ላይ ስለሚያድግ ውስጡ በስንጥቅ መሰል የአሰላለፍ ስህተት የተሞላ ነበር፤ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር በቢሊዮን የሚቆጠር። በሌላ ሰሚኮንዳክተር ቢሆን ብርሃኑ ድሮ ይጠፋ ነበር። እዚህ ግን በራ፤ ሰዉን ሁሉ ያስገረመው ይህ ነው። ሙቀቱን ግን ስህተቱ አልማረውም። ደህና ክሪስታል ከ200 በላይ የሚያሳልፈው ሙቀት በስህተት ሲታጨቅ ይወርዳል፤ አሉሚኒየም ሲቀላቀልበት ደግሞ ወደ አሥር ቤት ሊወርድ ይችላል። የኢዮፌ ውለታ እዚህ ዕዳ ሆነ። የማይወጣ ሙቀት አምፖሏን እየጠበሰ ዕድሜዋን ያሳጥራል፤ ርካሽ የፀሐይ መብራት በዓመቱ የሚደበዝዝበት አንዱ ምክንያት ሙቀቱን የሚያስወጣለት ብረት ስለሚሰረቅበት ነው።

ስለዚህ ሌላ ጎራ ሙቀትን በፍጥነት የሚያሸሽ ውህድ ይፈልጋል። በ2013 ሊንድሴ፣ ብሮይዶና ራይነከ ቦሮን አርሰናይድ የሚባል ማንም ብዙም ያላስታወሰው ውህድ ከአልማዝ ጋር ሊወዳደር ይችላል ብለው በሒሳብ ተነበዩ። ሰዎች ተሯሩጠው ክሪስታሉን አሳደጉት፤ በ2015 ሲለካ 200 ገደማ ብቻ ሆነ። ሒሳቡ ተሳስቶ ይሆን? አልተሳሳተም። ክሪስታሉ ውስጥ የጎደሉ አቶሞችና የገቡ ባዕዶች ነበሩ፤ አንድ ቦታ ባዶ ሲሆን የቤዛ ኩሉ ሰልፍ እንደሚሰበረው ማለት ነው። ሦስት ቡድኖች አሠራሩን አጥርተው በ2018 እንደገና ሲለኩ ከ1,000 በላይ ሆነ፣ ከመዳብ ሁለት እጥፍ ተኩል። አምስት እጥፉን ሰርቆት የነበረው በማይታይ መጠን ያለ ጉድለት ብቻ ነው። ቦሮኑንና አርሰኒኩን መስታወት ቱቦ ውስጥ ዘግቶ፣ በጋዝ መልክ ቀስ እያለ እንዲሰፍር አድርጎ እንዲህ ያለ ክሪስታል ማሳደግ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚወጣውም ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነው። አሁን ቤተ ሙከራዎቹ የሚሟገቱት ያንን እንዴት አስፍተው ቺፕ ሥር ማንጠፍ እንደሚችሉ ነው።